አስቤዛ ስንገዛ ምድርን የማይጎዳውን እንዴት እንምረጥ?

የሦስት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ቤታችን ውስጥ አስቤዛ የምገዛው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ። ከወር በፊት ትልቋ ልጄ አብራኝ መጣች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስለ አየር ንብረት ለውጥ እየተማሩ ነበር። ቲማቲም ልገዛ ስቆም አጠገቤ ቆማ ታያለች። አንደኛው በፕላስቲክ የታሸገ ነው፤ «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ሌላው ሳይታሸግ ሳጥን ውስጥ ተደርድሯል፤ ግን ከሩቅ አገር የመጣ ነው።

«እማ፣ ምድርን የማይጎዳው የቱ ነው?» አለችኝ።

ያልታሸገውን አነሳሁ። «ይሄ ፕላስቲክ የለውም» አልኳት።

«ከሩቅ መጥቶ የለ እንዴ?»

መልስ አጣሁ። ልጄ ስትጠይቀኝ መልስ ማጣት አልወድም። ይኼኛው ደግሞ እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መደርደሪያ ፊት ቆሜ እቀራለሁ። ወተት በካርቶን ልግዛ ወይስ በጠርሙስ? ኦርጋኒክ የሚባለው በእርግጥ ይሻላል? ፌስታል ላለመቀበል ብዬ የጨርቅ ቦርሳ ገዝቻለሁ። ቦርሳውን ቤት ስረሳው ሌላ እገዛለሁ። አሁን ዘጠኝ ደርሰዋል። በበሩ ጀርባ ተንጠልጥለው ሳያቸው ትክክል እየሠራሁ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ጊዜም ገንዘብም የተረፈኝ ሰው አይደለሁም። ሙሉ ቀን እሠራለሁ። ባለቤቴ ያለ ሥጋ የበላ አይመስለውም። ትንሹ ልጄ አረንጓዴ ነገር ካየ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ «ሁሉንም ለውጪ» የሚል ምክር አይጠቅመኝም። ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ልለውጥ ብል፣ ከየቱ ልጀምር? ለልጄም በቅጡ የማስረዳት ነገር ስጡኝ።

ንጹህ ወንዝ፦

እህቴ፣ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ከፕላስቲኩ ጀምሪ እላለሁ።

ያደግሁት ወንዝ አጠገብ ነው። በልጅነቴ የዋኘሁበት ቦታ ዛሬ ውኃው በፌስታልና በላስቲክ ጠርሙስ ተሸፍኗል። እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ 8.3 ቢሊዮን ቶን ገደማ ፕላስቲክ ተመርቷል። ቆሻሻ ከሆነው ውስጥ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ብዙው አሁንም መሬት ውስጥ፣ ወንዝ ውስጥ፣ ባሕር ውስጥ አለ።

ከፕላስቲክ ዕቃ በታች ያለው ሦስት ማዕዘንና ቁጥርም እንዳያታልልሽ። ከ1988 ጀምሮ የመጣ ምልክት ነው። የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው። እንደገና ይሠራል ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ በተሻለ ሁኔታ የሚሰበሰቡት 1 እና 2 ቁጥር ያላቸው ናቸው።

ስለዚህ ሳይታሸግ የሚሸጠውን ምረጪ። ልጅሽ ፊት ያልታሸገውን ማንሳትሽ ትክክል ነበር።

የማታ ፈረቃ፦

እህቴ፣ እኔ ስምንት ዓመት ትልቅ የምግብ መደብር ውስጥ ሠርቻለሁ። አትክልትና ፍራፍሬ ክፍል፣ የማታ ፈረቃ። ስለዚህ መልሴ ከመደርደሪያው በስተጀርባ ካየሁት ይነሳል። ንጹህ ወንዝ ያለውን አልቃወምም። ቅደም ተከተሉን ግን እለውጠዋለሁ። ማሸጊያው ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ትልቁ ጉዳት ያለው ግን በአብዛኛው ምግቡ ራሱ ላይ ነው። ምን ገዛሽ? የገዛሽውንስ በላችሁት ወይስ ጣላችሁት? እኔ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው የምጀምረው።

መጀመሪያ ለልጅሽ ጥያቄ። ከሩቅ መምጣቱ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በ2018 ጆሴፍ ፑር እና ቶማስ ኔሜቼክ የሚባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ትልቅ ጥናት አወጡ። በ119 አገሮች ያሉ ወደ 38,700 የሚጠጉ እርሻዎችን መረጃ ሰብስበዋል። ምግብ ከእርሻ እስከ ሱቅ ሲደርስ የሚለቀቀውን የሙቀት አማቂ ጋዝ ስታዪ፣ ለአብዛኛው ምግብ የመጓጓዣው ድርሻ ትንሽ ነው። ለበሬ ሥጋማ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ትልቁ ድርሻ የሚለቀቀው እርሻው ላይ ነው።

መርከብ በጣም ብዙ ጭነት በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ በኪሎ ሲካፈል ጥቂት ነዳጅ ነው የሚደርሰው። አውሮፕላን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ለመውሰድ ከመርከብ ሃምሳ እጥፍ ገደማ ይለቃል። በአውሮፕላን የሚመጣው ደግሞ ቶሎ የሚበላሽና ውድ የሆነ ነገር ነው። እንጆሪ የመሳሰሉ ለስላሳ ፍሬዎች፣ አስፓራገስ፣ ተቆርጦ የመጣ ፍራፍሬ። ሙዝና ብርቱካን በመርከብ ነው የሚመጡት። ለልጅሽ ሕጉን እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ ከሩቅ የመጣ፣ ሁለት ሦስት ቀን የማይቆይ፣ ያለ ወቅቱ የተገኘ ፍሬ ከሆነ በአውሮፕላን መጥቶ ሊሆን ይችላልና እንተወው።

ቲማቲሙን በተመለከተ ደግሞ፣ ቅርብ የበቀለውም ሁልጊዜ አይሻልም። በብርድ ወራት ጋዝ እየነደደ በሚሞቅ የመስታወት ቤት ያደገ ቲማቲም፣ ፀሐይ ባለበት አገር ሜዳ ላይ በቅሎ በመኪና ከመጣው የበለጠ ጋዝ ሊያስለቅቅ ይችላል። ቲማቲም በወቅቱ ሲገዛ ነው የሚያምረው፤ ጣዕሙም ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሥጋው። ባለቤትሽን አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል፤ አባቴም እንደሱ ነበሩ። ቁጥሮቹን ግን እዪአቸው። ለሥጋ ተብሎ ከሚረባ ከብት 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት በአማካይ ወደ 50 ኪሎ የሚጠጋ የሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቀቃል። ከዶሮ ከሆነ 6 ኪሎ ገደማ ነው። ከእንቁላል 4 ኪሎ ገደማ። ከአተር ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ምክንያቱ ሁለት ነው። ከብትና በግ ያመሰኳሉ፤ ሲያመሰኩ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ሁለተኛው መሬት ነው። ለግጦሽና ለመኖ ብዙ መሬት ይፈለጋል፤ ለዚያ ደግሞ ጫካ ይመነጠራል።

ባለቤትሽን ከሥጋ አትለያዪው። በሳምንት ስንት ቀን ነው የበሬ ሥጋ የምትበሉት? ከዚያ ላይ አንዱን ቀን ወደ ዶሮ፣ አንዱን ወደ ምስር ወይም ባቄላ አዙሪው። በ2008 ክሪስቶፈር ዌበር እና ስኮት ማቲውስ የአሜሪካ ቤተሰቦችን አመጋገብ አጥንተው ነበር። በሳምንት አንድ ቀን የማይሞላ ካሎሪ ከቀይ ሥጋና ከወተት ውጤቶች ወደ ዶሮ፣ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም አትክልት ማዞር፣ ምግብን ሁሉ ከቅርብ ከመግዛት የበለጠ ጋዝ እንደሚቀንስ አገኙ። አንድ ቀን እንኳ አይሞላም! እኔ ቤት የተፈጨ ሥጋ ስንሠራ ግማሹን ምስር እናደርገዋለን። ሽንኩርቱና ቅመሙ በደንብ ከገባበት ማንም አይለየውም። ያንቺም ትንሹ ልጅ አረንጓዴ ስላልሆነ ይበላው ይሆናል።

አሁን ስለሚጣለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የእኔ ሥራ መለየት ነበር። የሚቆየውንና የሚጣለውን። የሚጣለው ሁሉ የተበላሸ ይመስልሽ ይሆናል። አይደለም። ከዘለላው የተገነጠለ ሙዝ ማንም አያነሳውም። ሰው ሙሉውን ዘለላ ይፈልጋል፤ ነጠላው ይቀራል፤ ይጠቁራል፤ በሳጥን ተሞልቶ ይጣላል። የተጣመመ ካሮት እንደዚያው። ሁለት ሹካ የሆነ ካሮት በእጄ ይዤ «ምን አጠፋህ?» ያልኩበት ሌሊት አለ። እርጎ ደግሞ ሰው እጁን ወደ ኋላ ሰዶ አዲሱን ቀን የተጻፈበትን ያወጣል። ዛሬ ማታ ሊበላው እንኳ የአሥር ቀን ዕድሜ ያለውን ይወስዳል። ፊት ያለው ጊዜው ያልፍበታል። እኔ እጥለዋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ሳደርግ እጄ አልለመደውም።

በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ሸማቹ ዘንድ ከደረሰው ምግብ አምስተኛው ገደማ ማለት ነው። ከባከነው 60 በመቶ ያህሉ የባከነው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። በአማካይ በአንድ ሰው በዓመት 79 ኪሎ። የአምስት ሰው ቤት ከሆነ 400 ኪሎ ሊጠጋ ነው። ያ ሁሉ የታረሰበት መሬት፣ የፈሰሰበት ውኃ፣ የነደደበት ነዳጅ አለ። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ደግሞ እሱም ሚቴን ያወጣል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከቤት ከመውጣትሽ በፊት የፍሪጁን ውስጥ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሱቅ ውስጥ «ካሮት አለን ወይስ የለንም?» ስትዪ ፎቶው ይመልስልሻል። ፍሪጅ ውስጥ አንድ መደርደሪያ «መጀመሪያ የሚበላ» ብለሽ ለዪ። ዛሬ ማታ የሚበላ ነገር ስትገዢ ፊት ያለውን፣ ቀኑ የቀረበውን አንሺ። ነጠላውን ሙዝ አንሺ።

ቀኑንም ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጥራት ነው። ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ብስኩት፣ የታሸገ ቆርቆሮ ከቀኑ በኋላም በደህና ከተቀመጡ ይበላሉ። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ጤና ነው። ጥሬ ሥጋና ዓሣ ላይ ይህን ካየሽ አክብሪው። በሁለተኛው አትቀልዱ።

ዳቦን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪ፤ ቶሎ ይደርቃል። ፍሪዘር ውስጥ ግን ተቆራርጦ ቢገባ ይቆያል። ሙዝና ፖም ከቅጠላ ቅጠል አርቂ። ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጡ ሌላውን ቶሎ ያበስሉታል። ድንች ጨለማ ቦታ ይሁን፤ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል።

ስለ ቦርሳዎችሽ አትዘኚ። ግን አሥረኛውን አትግዢ። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው ጥናት፣ አንድ የተለመደ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ብቻ ሲታይ ከአንድ ተራ የሱቅ ፌስታል እኩል እንዲሆን 52 ጊዜ መያዝ አለበት። ሌላውን ጉዳት ሁሉ፣ የውኃውን፣ የማዳበሪያውን ጨምሮ ከታየ ቁጥሩ 7,100 ይደርሳል። ጥጥ ብዙ ውኃ፣ ብዙ መሬት የሚፈልግ ተክል ነው። ዘጠኙን እስኪቀደዱ ያዢአቸው። ሁለቱን ሥራ ቦታ፣ ሁለቱን ሁልጊዜ በምትይዢው የእጅ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጪ።

ንጹህ ወንዝ፦

ወንድሜ የማታ ፈረቃ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሥጋውና ስለሚጣለው አልከራከርህም። ስለ ቦርሳው ግን አንድ ነገር ልበል።

ያ የዴንማርክ ጥናት ፌስታሉ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደሚቃጠል ወይም እንደገና ጥቅም ላይ እንደሚውል አድርጎ ነው የሚያሰላው። ወንዝ ውስጥ የሚገባውን፣ ከብት የሚውጠውን፣ ቱቦ የሚዘጋውን አይቆጥርም። ባንግላዴሽ በ2002 ቀጭን ፌስታል ስትከለክል ምክንያቷ ይኸው ነበር። በ1988 እና በ1998 በነበሩት ከባድ ጎርፎች ፌስታል የውኃ መውረጃዎችን ዘግቶ ጉዳቱን አባብሶት ነበር። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 ከለከሉ። ቆሻሻ በየቀኑ በማይነሳበት ቦታ ለሚኖር ሰው ፌስታል የካርቦን ጥያቄ ብቻ አይደለም። ደጃፉ ላይ ያለ ችግር ነው።

እኔ በየወሩ ከሰፈር ልጆች ጋር ወንዙን እናጸዳለን። ከምናወጣው ውስጥ የምግብ ማሸጊያ ይበዛል። ስለዚህ እባካችሁ ማሸጊያን «ትንሽ ነገር» አትበሉት።

የማታ ፈረቃ፦

ልክ ነህ። ስለ ጥናቱ ያልከው ትክክል ነው፤ እኔ መጻፍ ነበረብኝ። በካርቦን ሲመዘን ማሸጊያ ትንሽ ነው። በወንዝህ ሲመዘን ትንሽ አይደለም። ሁለት የተለያየ ሚዛን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንድ ማሸጊያ ምግቡን ያቆየዋል። ረዥሙ ኪያር ላይ የሚጠቀለለው ስስ ላስቲክ እርጥበቱን ይይዝለታል። ላስቲኩ ሲነሳ በብዛት ሲጣል አይቻለሁ። ስለዚህ የዛሬ ከሆነ ያልታሸገውን፣ ሳምንት የሚቆይ ከሆነ ግን የሚጠብቀውን ዓይነት እመርጣለሁ። አራት ፖም በስፖንጅ ሳህን ላይ አስቀምጦ በላስቲክ መጠቅለል ግን ለማንም አይጠቅምም። እሱን አልገዛም።

ጡረታ የወጣሁ መምህር፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ውይይት ነው። አርባ ዓመት ገደማ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። እናትየዋ ሁለት ጥያቄ ሳይመለስላት ቀርቷል፤ ስለ ኦርጋኒክና ስለ ወተቱ።

ኦርጋኒክ ማለት በዋናነት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ ሳይጠቀሙ ማምረት ነው። ለአፈሩ፣ ለንቦቹ፣ እርሻው ላይ ለሚሠራው ሰው መልካም ጎን አለው። ፀረ ተባይ ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። እንደ መዳብ ያሉ የተፈቀዱ አሉ። ምርቱም ከተለመደው እርሻ በአማካይ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ለዚያው ምግብ ብዙ መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ ልጄ፣ ገንዘብሽ ከቻለ ግዢ። ካልቻለ ግን ከኦርጋኒክ ሥጋ ይልቅ ተራ ባቄላ መግዛት ለአየሩ የተሻለ እንደሆነ እወቂ።

ወተቱን በተመለከተ። መስታወት ለመሥራት አሸዋው እስከ 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሞቅ አለበት። ከባድም ነው። ጠርሙሱ ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ ብዙ ጊዜ የሚሞላ ከሆነ እጅግ ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ ተጠቅመሽ የምትጥዪው ከሆነ ግን ካርቶኑ ይሻላል። ካርቶኑም ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ስስ ፕላስቲክ፣ አንዳንዱ አሉሚኒየምም አለው።

ዓሣ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ፣ በዓለም ከሚጠመዱት የባሕር ዓሣ ክምችቶች ከሦስት አንድ የሚበልጡት ከአቅማቸው በላይ እየተጠመዱ ነው። በ1997 የተቋቋመው የባሕር ሀብት ጥበቃ ምክር ቤት ሰማያዊ የዓሣ ምልክት አለው። ፍጹም ነው አልልም። ምልክቱ ያለው ግን ምልክት ከሌለው ዓሣ ይሻላል። «አረንጓዴ»፣ «የተፈጥሮ»፣ «ለምድር ተስማሚ» የሚሉ ቃላት ብቻቸውን ተጽፈው ካየሽ ግን እለፊያቸው። ማን አረጋገጠው? የሚለው ካልተጻፈ ባዶ ቃል ነው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ይህን እጠይቅ ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦

ተመልሼ መጣሁ። አራት ሳምንት አለፈ። ዝም ያልኩት ሞክሬ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የጀመርኩት ከሚጣለው ነው። ወንድሜ የማታ ፈረቃ ስለ ሙዙ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። ልጄ ኩሽና ውስጥ ሚዛን አስቀመጠች። የምንጥለውን ምግብ ሁሉ፣ ልጣጩን ሳይጨምር፣ እየመዘነች ደብተር ላይ ትጽፋለች። የመጀመሪያው ሳምንት 5 ኪሎ ከ300 ግራም ሆነ። አላመንኩም። ከዚያ ውስጥ 2 ኪሎ ገደማው የበሰለ ምግብ ነበር። ሩዝ በዝቶ፣ ለነገ ተብሎ፣ ከዚያ ተረስቶ። ግማሽ ከረጢት ሰላጣ ሳይበላ ሞቷል። ሰላጣውን የገዛሁት እኮ ጥሩ ሰው ልሁን ብዬ ነው።

አራተኛው ሳምንት 1 ኪሎ ከ900 ሆነ። ያደረግሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ፎቶውና «መጀመሪያ የሚበላ» የሚለው መደርደሪያ። ሩዙንም በሲኒ መስፈር ጀመርኩ። ገንዘቡም ተሰማኝ፤ ቅዳሜ ጋሪው ቀለል አለ።

ሥጋውን በተመለከተ ባለቤቴን አልዋሸሁትም። ቁጥሩን አሳየሁት። ዝም ብሎ አነበበውና «አንድ ቀን ቀንሺ፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ። አሁን የበሬ ሥጋ በሳምንት ከአራት ቀን ወደ ሁለት ወርዷል። ግማሽ ምስር ያለበትን የተፈጨ ሥጋ ሠራሁ። ምን እንዳለበት ነግሬው በላ፤ ደግሞም ጨመረ። ትንሹም በላ! ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል።

ዘጠኙ ቦርሳዎች ተከፋፍለዋል። ሁለቱን ለእናቴ ሰጠሁ። ንጹህ ወንዝ፣ ልጄ ያንተንና የማታ ፈረቃን መልስ አንብባ ስፖንጅ ሳህን ላይ ያለ ነገር እንዳልገዛ ታስጠነቅቀኛለች። እሷ ካለች አልችልም። መምህር፣ እርስዎ ያሉትን «ማን አረጋገጠው?» የሚለውን ደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋዋለች። እግዜር ይስጥልን።

ሱቅ ለብቻዬ በመኪና ለአንድ ሁለት ዕቃ መሄዱንም ትቼአለሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ ሳነብ፣ ለአንድ ካርቶን እንቁላል ያን ያህል መንገድ መንዳቱ አላስኬድ አለኝ። የጎደለው እስከ ቅዳሜ ይጠብቃል፣ ወይም በእግር።

አሁን አንድ የቀረኝ ችግር አለ። ደረቅ ባቄላና ቦሎቄ ገዛሁ። ከቆርቆሮው ይረክሳል፣ ቆርቆሮም አይጣልም። ግን ለመብሰል ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ከሥራ ማታ ገብቼ ይህን አልችልም። ጋዙስ? እሱም ነዳጅ አይደል? በዚያ ላይ ሁሉም ሆዳቸውን ነፋቸው።

የማታ ፈረቃ፦

እህቴ፣ 5.3 ኪሎ ወደ 1.9 ማውረድሽን ሳነብ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ልጅሽን ሰላም በይልኝ።

ለቦሎቄው፦ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ብዙ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ጠዋት ውኃውን ድፊና አጥበሽ ፍሪጅ ውስጥ በአዲስ ውኃ አስቀምጪ። የዘፈዘፍሽበትን ውኃ አትቀቅዪበት፤ ሆድ የሚነፋው አንዱ ነገር እዚያ ውስጥ ይቀራል። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ከዘፈዘፍሽው በኋላም በኃይል እየፈላ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ በዝግታ እሳት ብቻ ከበሰለ ሆድ የሚያምም ነገር ይቀርበታል። የግፊት ድስት ካለሽ ጊዜውም ጋዙም በብዙ ይቀንሳል።

ደግሞ ለአንድ ማታ አትቀቅዪ። ቅዳሜ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ ቀቅዪ። ሲቀዘቅዝ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን እየከፋፈልሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ። ከሥራ ስትገቢ አንዱን አውጥተሽ ሽንኩርቱ ላይ መጨመር ብቻ ነው የሚቀርሽ። እኛ ቤት እሑድ ጠዋት ነው የምንቀቅለው። ክዳኑ ላይ ቀኑን መጻፍ እንዳትረሺ።

ለሆዱ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ጀምሩ። መጀመሪያ ሳምንት ሁለት ማንኪያ፣ ከዚያ አራት። ምስር ከቦሎቄ ይቀላል፤ መዘፍዘፍም አይፈልግም። ሥራ በበዛበት ቀን ምስሩን አድርጊው።